የማይለቅ ሳል፦ ስለ ሳንባ ካንሰር ከአዳማ አንባቢያን ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ወር ከአዳማና ከአካባቢዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሳንባ ካንሰር የሚጠይቁ በመሆናቸው አምዱን በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ አውለነዋል። የጸሐፊዎቹን ስም ትተን፣ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረን አቅርበናል። መልሱን የሰጡት የአምዳችን ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የ52 ዓመት ሰው ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ያሽከረክራል፤ ሲጋራም ያጨሳል። ከፋሲካ በፊት የጀመረው ሳል እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። መጀመሪያ ከመድኃኒት ቤት ሽሮፕ ገዝቶ ጠጣ፤ ቀጥሎ አንድ ክሊኒክ ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ አዘዘለት። በኋላ ራጅ ተነሥቶ «ሳንባህ ላይ ጥላ ይታያል» ስላሉት፣ በአክታው ምርመራ ምንም ባይገኝም የቲቢ መድኃኒት ጀመረ። መድኃኒቱን ከጀመረ ሦስት ወር አለፈው። ሳሉ ግን አልቀነሰም፤ ልብሱ ሁሉ ሰፍቶታል፤ ሰሞኑን ደግሞ በአክታው ውስጥ የደም ክር አይቻለሁ። እሱ «ስድስት ወሩን ልጨርስና ከዚያ እንየው» ይላል። እኔ ፈርቻለሁ። ምን ብናደርግ ይሻላል?
የሾፌር ባለቤት፣ ከፍራንኮ አካባቢ

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ስድስት ወሩ እስኪሞላ መጠበቅ ግን ተገቢ አይደለም። ባለቤትዎ በዚሁ ሳምንት፣ እስካሁን የተነሣቸውን የራጅ ፊልሞች በሙሉና የሕክምና ካርዱን ይዞ፣ መድኃኒቱን ወደሚወስድበት ጤና ተቋም ተመልሶ «አልተሻለኝም፤ ደምም አይቻለሁ» ብሎ በግልጽ መናገር አለበት። እስከዚያው የቲቢውን መድኃኒት በራሱ ውሳኔ አያቋርጥ፤ የሚቀጥለውን ወይም የሚቆመውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

በደብዳቤ ብቻ ካንሰር ነው ልልዎት አልችልም፤ እርስዎም ከወዲሁ እንዲህ ብለው እንዳይደመድሙ እለምንዎታለሁ። ሆኖም ቲቢ ትክክለኛ መድኃኒቱን ካገኘ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይመለሳል፣ ሳሉም እየቀነሰ ይሄዳል። መሻሻል መኖሩ በተለይ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ በጥንቃቄ የሚታየውም ለዚህ ነው። በሦስተኛው ወር ላይ እየከሳና ደም እየተፋ ያለ ሰው፣ ወይ መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ ይዞታል፣ ወይ ደግሞ ከመጀመሪያውም በሽታው ሌላ ነበር። ሁለቱም መንገዶች ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቃሉ፤ አንዳቸውም ተጨማሪ ሦስት ወር መጠበቅን አይጠይቁም።

የመጀመሪያውን ሐኪም መውቀስ አልፈልግም። በአገራችን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ሲመጣ አስቀድሞ ቲቢን ማሰብ ትክክል ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ ምርመራና መድኃኒት ያለ ክፍያ የሚሰጠውም በሽታው በመካከላችን ብዙ ስለሆነ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አክታው በጂን ኤክስፐርት ማሽን ተመርምሮ የቲቢ ባክቴሪያ ሳይገኝበት ሲቀር፣ በራጁ ላይ ባለው ጥላ ብቻ መድኃኒት ይጀመራል። ቲቢ፣ የሳንባ ምችና ካንሰር ደግሞ በራጅ ላይ የሚጥሉት ጥላ ሊመሳሰል ይችላል። ስለዚህ ሕክምናው እንዲህ በግምት ሲጀመር፣ ተመልሶ የሚታይበት ቀን አብሮ መቆረጥ አለበት። ቀኑ ሲደርስም ያው ራጅ በድጋሚ ተነሥቶ ከፊተኛው ጋር ጎን ለጎን መታየት ይኖርበታል። ጥላው ካልጠፋ፣ በተለይም ታማሚው አርባውን ያለፈና የሚያጨስ ከሆነ፣ ቀጣዩ እርምጃ የደረት ሲቲ ስካን (ሳንባን ከራጅ ይበልጥ ዘርዝሮ የሚያሳይ ምርመራ) እንጂ ሌላ ዙር አንቲባዮቲክ አይደለም። በሕክምና ሕይወቴ ከልብ የሚያሳዝነኝ፣ በሽተኛው ገና በጠዋቱ መጥቶ ሳለ በሽሮፕና በአንቲባዮቲክ ሲመላለስ ወራቱ ማለፋቸው ነው።

የሳንባ ካንሰር ዘግይቶ የሚታወቀው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም። የሳንባው ሥጋ ራሱ ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭ የለውም፤ ዕብጠቱ በውስጡ ቢያድግ ባለቤቱ አያመውም። ውጋቱ የሚሰማው ዕብጠቱ ሳንባን የሸፈነውን ስስ ሽፋን ወይም የጎድን አጥንትን ሲነካ ነው። ከዚያ በፊት የሚታየው ሳል ነው፤ ለዓመታት ያጨሰ ሰው ደግሞ ሳሉን ለምዶታል። ስለዚህ አጫሽ የሆነ ሰው የነበረው ሳል ጠባዩን ሲለውጥ፣ ማለትም ሲበረታ፣ ሌሊት ሲቀሰቅሰው፣ አክታው ሲበዛ ወይም ደም ሲቀላቀልበት፣ ይህን እንደ አዲስ ምልክት ሊቆጥረው ይገባል። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን፣ በአንድ የሳንባ ቦታ ላይ እየተመላለሰ የሚመጣ የሳንባ ምች፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳትና የትንፋሽ ማጠር ከዚሁ ይመደባሉ። ብዙ ሰው የማይጠረጥራቸውም አሉ፦ የጣቶች ጫፍ አብጦ ጥፍሩ መጉበጥ፣ የፊትና የአንገት ማበጥ፣ ወይም ወደ ክንድ የሚወርድ የማያቋርጥ የትከሻ ሕመም በዚያው ወገን ካለ የዐይን ቆብ መውረድ ጋር።

ሲቲ ስካኑ አጠራጣሪ ዕብጠት ካሳየ የግድ ናሙና መወሰድ አለበት። በሲቲ ስካን ሥዕል ብቻ «ካንሰር ነው» ተብሎ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ሊጀመርለት የሚገባ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ናሙናው በአየር ቧንቧ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ፣ በደረት በኩል በሚገባ መርፌ፣ አንዳንድ ጊዜም ከአንገት ዕጢ ወይም በሳንባ ዙሪያ ከተጠራቀመ ውሃ ይወሰዳል። የናሙናው ውጤት የሚያስፈልገው በሽታውን ለማረጋገጥ ብቻ ሳይሆን ዓይነቱን ለመለየት ጭምር ነው። ከመቶ የሳንባ ካንሰር ሕሙማን 15 ያህሉ «አነስተኛ ሕዋስ» የሚባለው ፈጥኖ የሚሰራጭ ዓይነት ሲሆን፣ ቀሪዎቹ 85 ያህሉ ደግሞ በጊዜ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ የሚችለው ዓይነት ነው። የሁለቱ ሕክምና የተለያየ ነው። ምናልባት ምርመራው ከአዳማ ሆስፒታል ወደ አዲስ አበባ፣ ለምሳሌ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ የሚያስተላልፍ ከሆነ የሪፈር ወረቀቱን፣ ፊልሞቹንና የጤና መድን ካላችሁ መታወቂያውን አንድ ላይ አድርጋችሁ ያዙ። ወረቀት ጎድሎ የሚባክነው ቀጠሮ ብዙ ነው።

ጸበል መሄድን ወይም ዱዓ ማስደረግን የምትፈልጉ ከሆነ ከሕክምናው ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ ቀጠሮ ማሳለፍና መድኃኒት ማቋረጥ ግን የለባችሁም። ከዛሬ ጀምሮ ደሙ በክር መልክ መሆኑ ቀርቶ በርከት ብሎ ከወጣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ስለ መኪናው ባይጠይቁኝም አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን የሳንባ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር እያስነሡ መሥራት፣ በተቀደደ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) መንዳት፣ ረዳቱ አጠገቡ ተቀምጦ እያለ ጋቢና ውስጥ ማጨስ፣ ሁሉም በየራሱ የሚጎዳ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የ62 ዓመት መምህር ነኝ። ለ30 ዓመታት በቀን 15 ያህል ሲጋራ አጨስ ነበር፤ ከተውኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። አሁን ምንም አያመኝም። አሜሪካ የምትኖር ልጄ ነርስ ናት፤ «አባዬ፣ በየዓመቱ የሳንባ ሲቲ ስካን ተነሣ» እያለች ታስጨንቀኛለች። አንድ ወዳጄ ደግሞ «ራጅ በቂ ነው፣ ገንዘብህን አታባክን» ይለኛል። ሌላው «በደም ምርመራ ካንሰር ሁሉ ይታወቃል» አለኝ። ማንን ልስማ?
መ. ከመብራት ኃይል

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ከሦስቱ ወደ እውነቱ የቀረበችው ልጅዎ ናት። ነገር ግን እሷ ባለችበት አገር ያለው ሁሉ እዚህ አለመኖሩም በምክሩ ውስጥ ሊገባ ይገባል።

ስለ ደም ምርመራው ባጭሩ ልበልዎት። ሕመም የማይሰማው ሰው የሳንባ ካንሰር እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ለማወቅ የሚያስችል፣ ለዚህም ተፈትኖ ሞትን እንደሚቀንስ የተረጋገጠ የደም ምርመራ የለም። «ሙሉ የካንሰር ምርመራ» እየተባለ ለሚቀርብልዎት ዝርዝር ገንዘብ አይክፈሉ።

ራጁን በተመለከተ፣ የወዳጅዎ ሐሳብ ለብዙ ዓመታት ሐኪሞችም የያዙት ሐሳብ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ ሲወጣ፣ በየዓመቱ ራጅ የተነሡት በሳንባ ካንሰር ከመሞት ካልተነሡት የተሻለ አልዳኑም። ራጅ ለሚያስል ሰው ጠቃሚ የመጀመሪያ ምርመራ ነው፤ ለማያመው ሰው ግን ትንሹን ዕብጠት ከልብና ከአጥንት ጥላ ሥር ስለሚስተው «ነፃ ነህ» የሚል የሐሰት እፎይታ ይሰጣል።

በዚያው ዓመት ሌላ ጥናት ይፋ ሆነ። ከ55 እስከ 74 ዓመት የሆናቸው፣ ብዙ ያጨሱ 53 ሺህ ያህል ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ሦስት ዓመት በተከታታይ አነስተኛ ጨረር ባለው ሲቲ ስካን፣ ግማሾቹ በራጅ ታዩ። በሲቲ ስካን በታዩት ዘንድ በሳንባ ካንሰር የሞቱት በ20 በመቶ ያነሱ ሆነው ተገኙ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የኔዘርላንድና የቤልጂየም ጥናትም ይህንኑ ደገፈ። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ምክር መሠረት ምርመራው በየዓመቱ እንዲደረግ የሚመከረው ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 ለሆነ፣ ቢያንስ 20 «የፓኬት ዓመት» ላጨሱ፣ አሁንም ለሚያጨሱ ወይም ከተዉ 15 ዓመት ላልሞላቸው ሰዎች ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በቀን የሚጨሰውን የሲጋራ ቁጥር ለ20 አካፍለው በዓመቱ ያባዛሉ። የእርስዎ 15 ለ20 ተካፍሎ በ30 ሲባዛ 22 ተኩል ይሆናል። ስለዚህ በዚያ መስፈርት እርስዎ ምርመራው ከሚገባቸው ሰዎች አንዱ ነዎት። በየሱቁ ሲጋራን በፍሬ የሚገዛ ሰው ብዙ ያጨሰ ስለማይመስለው ይህን ስሌት እንዲያደርግ እመክራለሁ፤ በቀን አሥር ፍሬ ለ40 ዓመት ማለት ልክ 20 የፓኬት ዓመት ነው።

የጥቅሙ ምንጭ ይህ ነው። በአሜሪካ ያለው መረጃ እንደሚያሳየው፣ በሽታው ገና በሳንባ ውስጥ ብቻ እያለ ከተገኘባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተሰራጨ በኋላ ከተገኘባቸው ግን ይህን ያህል የሚቆዩት ከአሥር አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልምጣ፤ ምክንያቱም ይህን ሳይሰሙ ወደ ማሽኑ መሄድ የለብዎትም። 53 ሺህ ሰዎች በተካፈሉበት ጥናት ከተነሡት ሲቲ ስካኖች ሩብ ያህሉ «የሚያጠራጥር ነገር አለ» የሚል ውጤት ነበራቸው፤ ከእነዚህም ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑት ካንሰር አልነበሩም። በእኛ አገር ይህ ስጋት ከፍ ይላል ብዬ አምናለሁ። ብዙዎቻችን ሳንባችን ላይ የቆየ የቲቢ ጠባሳ አለ፤ ትንንሽ ጉብጉብታ ሆኖ ይታያል። እያንዳንዱ ጉብጉብታ ድጋሚ ሲቲ ስካን፣ አንዳንዱም መርፌ ያስከትላል፤ ከዚያም ወራት የሚፈጅ ጭንቀት። አገራችን ይህን ምርመራ ለጤነኛ ሰው በመደበኛነት የሚሰጥ ብሔራዊ ፕሮግራም ስለሌላት ወጪውን የሚሸፍኑት ራስዎ ነዎት፤ አንድ ጊዜ ተነሥቶ መተው ደግሞ በጥናቱ የታየውን ጥቅም አያስገኝም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። መጀመሪያ ከሳንባ ወይም ከውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩ። ማሽኑ ያለበትን ተቋም «አነስተኛ ጨረር ያለውን የደረት ምርመራ ትሠራላችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ መደበኛው ሲቲ ስካን የሚሰጠው ጨረር ብዙ እጥፍ ነውና። አጠራጣሪ ነገር ቢገኝ ማን እንደሚከታተልዎትና ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ጤናዎ ይችለው እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ። ወጪውን ለዓመታት መቀጠል የሚችሉ ከሆነ ይጀምሩት። የማይችሉ ከሆነ ግን በልጅዎ ፊት ጥፋተኛ አይሁኑ፤ ትልቁን ነገር፣ ማለትም ሲጋራውን መተውን፣ ከስድስት ዓመት በፊት አድርገውታል። ያም ሆነ ይህ፣ ባለፈው ወር ተነሥቼ «ነፃ ነህ» ተባልኩ ብሎ አዲስ የመጣ ሳልን ማቃለል አይገባም።

ደብዳቤዎን የሚያነቡ የ30 እና የ35 ዓመት ጤነኛ ሰዎች፣ እንዲሁም አጭሰው የማያውቁ ሁሉ፣ ይህ ምርመራ ለእነሱ የተመከረ እንዳልሆነ ይረዱልኝ።

ጥያቄ፦ እንጀራ እየጋገርኩ ለሆቴሎች አስረክባለሁ። ከንጋቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ማድ ቤት ውስጥ ነኝ፤ የምጠቀመው ማገዶ ነው። ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ጎረቤቴ የነበረች ሴት ሳታጨስ በሳንባ ካንሰር ሞተች ሲባል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። የእንጨቱ ጭስ ካንሰር ያመጣል?
ደ. ከአዳማ

መልስ፦ እመቤቴ፣ ሳያጨሱ የሳንባ ካንሰር የሚይዛቸው ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ከሴቶች ዘንድም ይበዛል። «አጭሶ ነው» ብሎ በታማሚ ላይ መፍረድ ስሕተት የሚሆነው በዚህም ምክንያት ነው፤ አጭሶ የታመመውም ቢሆን ፍርድ ሳይሆን ሕክምና ነው የሚያስፈልገው።

ስለ ጭሱ ተመራማሪዎች በጥንቃቄ ለይተው ይናገራሉ። ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣው የድንጋይ ከሰል በቤት ውስጥ ሲነድ የሚያወጣው ጭስ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። የእንጨትና የኩበት ጭስ ግን «ምናልባት ያመጣል» በሚለው ደረጃ ላይ ነው የተመደበው፤ ማስረጃ አለ፣ ግን እንደ ሲጋራው የማያወላዳ አይደለም። እንግዲህ እርስዎ ላይ ያለው ስጋት ለ30 ዓመት ካጨሰ ሰው ስጋት በጣም ያነሰ መሆኑን አውቀው እንቅልፍዎን ይተኙ። ሲቲ ስካን ለመነሣትም አይሂዱ።

ይሁንና ጭሱን የምንቀንስበት ምክንያት ካንሰር ብቻ አይደለም። የማገዶ ጭስ የአየር ቧንቧን ለዘለቄታው የሚያጠብብ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር የሳንባ በሽታ ያመጣል፤ በጀርባ የታዘለ ሕፃንን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። በብዛት ስለሚጋግሩ የኤሌክትሪክ ምጣድ ባለው ገቢዎ ያዋጣዎት እንደሆነ ያስሉ፤ መብራት ለሚጠፋበት ቀን ማገዶውን በመጠባበቂያ ማስቀመጥ ይቻላል። ይህ ካልሆነ ምጣዱን ዙሪያውን ዘግቶ እሳቱን የሚይዘው ምርጥ የተባለው ምድጃ ጭሱንም ማገዶውንም ይቀንሳል። እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ትይዩ የሆኑ ሁለት ክፍት ቦታዎች ይተዉ፤ ሕፃናት ከምጣዱ አጠገብ አይዋሉ። ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ግን ካንሰርን ሳይጠብቅ በአንድ ሌሊት የሚገድል ነው፤ ይህን ለሠራተኞችዎም ይንገሩ።

ሳልዎ ሁለት ሳምንት ካለፈ «የጭስ ሳል ነው» ብለው አይተዉት። ስለማይለቅ ሳል ለአጫሹ የተነገረው ሁሉ ለእርስዎም ይሠራል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሲጋራ አላጨስም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከጓደኞቼ ጋር ሺሻ እንስባለን። ውሃው ያጣራዋል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነት አይደለም። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ስለሚቀዘቅዝ ጉሮሮህን አይቆጠቁጥህም፤ ስለማይቆጠቁጥህም አብዝተህና በጥልቀት ትስበዋለህ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው አንድ ሰዓት የሚፈጅ የሺሻ ቆይታ ከአንድ ሲጋራ ጭስ መቶ እጥፍና ከዚያ በላይ የሆነ መጠን ያስገባል። በዚያ ላይ ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ገጠር ያሉ አያቶቻችን የሚስቡት ጋያም በውሃ ውስጥ ማለፉ ከዚህ አላዳነውም። ሺሻ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው፤ እኔ ግን ሕጉን ከመፍራት ይልቅ ገና ሱስ ሳይሆንብህ የምትተውበት ጊዜ አሁን መሆኑን እንድታስብበት እወዳለሁ።

ጥያቄ፦ በአንድ ግሮሰሪ በአስተናጋጅነት እሠራለሁ። ደንበኞች ውስጥ ያጨሳሉ፤ ባለቤቱ «ደንበኛ ይሸሻል» ብሎ አይከለክልም። ነፍሰ ጡር ነኝ። የሰው ጭስ ይጎዳኛል?

መልስ፦ አዎ፣ እህቴ፤ አንቺንም ፅንሱንም ይጎዳል። የትንባሆ ጭስ ከ7000 በላይ ኬሚካሎች አሉት፤ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ ናቸው። አጫሽ ካለበት ቤት የሚኖር፣ ራሱ የማያጨስ ሰው በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል፤ ቀኑን ሙሉ በጭስ ውስጥ የሚሠራም እንዲሁ ይጋለጣል። የጠቀስኩት አዋጅ በማንኛውም ጣሪያ ባለው የሥራና የሕዝብ መገልገያ ቦታ ማጨስን ይከለክላል፤ ግሮሰሪም ሆቴልም በዚህ ውስጥ ናቸው። ለባለቤቱ ይህ የእሱ ፈቃድ ሳይሆን የሕግ ግዴታ መሆኑን፣ ተጠያቂውም ደንበኛው ብቻ ሳይሆን ቤቱ ጭምር መሆኑን በእርጋታ ንገሪው። የእርግዝና ክትትል የምታደርጊበት ጤና ጣቢያም ጉዳዩን ወደ ከተማው የጤና ቁጥጥር ሊያደርስልሽ ይችላል። እስከዚያው ከተቻለ ከቤት ውጭ ያሉትን ጠረጴዛዎች እንድትይዢ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 61 ነው። ከ40 ዓመት በላይ አጭሻለሁ፤ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጫት እቅማለሁ፤ ያለ ሲጋራ ደግሞ ጫቱ አይሆንልኝም። ልጆቼ «ተው» ይሉኛል። ከእንግዲህ ወዲያ ብተው ምን ይጠቅመኛል? የተጎዳው ተጎድቷል። ደግሞ አንድ ጊዜ ሞክሬ ሳሌ ባሰብኝ።
ሐጂ አ. ከአዳማ

መልስ፦ ሐጂ፣ የተጎዳው ሁሉ እንደማይመለስ የተናገሩት ልክ ነው። ገና ያልተጎዳው ግን ብዙ ነው። ካቆሙ ከ12 ሰዓት በኋላ በደምዎ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጤነኛ ሰው ደረጃ ይወርዳል፤ በሳምንታት ውስጥ ትንፋሽዎ ይሻሻላል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድልዎ ማጨስ ከቀጠለ ሰው ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ይወርዳል። የልብ ድካምና የስትሮክ ስጋት ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይቀንሳል። ካንሰር የተገኘበት ሰው እንኳ ሲጋራውን ሲተው ሕክምናው ይሻለዋል፤ እርስዎ ደግሞ እዚያ አልደረሱም።

አልችልም ብለው እንዳይሉኝ አንድ ነገር ላስታውስዎት። በረመዳን ከሱሁር እስከ ኢፍጣር ድረስ አንድ ሲጋራ ሳይነኩ ይውላሉ። ስለዚህ ሰውነትዎ አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ያለ ኒኮቲን መቆየት እንደሚችል እርስዎው አረጋግጠዋል። የሚቸግረው ከኢፍጣር በኋላ ያለው ሰዓት ነው፤ የእርስዎም ጠላት ቀኑ ሙሉ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ያለው የጫት ሰዓት ነው። ጫቱን እየቃሙ ሲጋራውን ብቻ ለመተው ሞክረው ያልተሳካላቸውን ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ሁለቱን አንድ ላይ ይተዉ፤ በዚያ ሰዓት ከቤት ወጥተው ከማይቅም ሰው ጋር ይሁኑ። ቡናውም ሲጋራ የሚያስታውስዎት ከሆነ ለጊዜው ሻይ ያድርጉት።

ቀን ይቁረጡ፤ ለልጆችዎ ይንገሩ፤ የሲጋራ መተርኮሻውን ከቤት ያውጡ፤ በፍሬ ከሚገዙበት ሱቅ በር ላይ ለጥቂት ጊዜ አይለፉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከሁሉ የከበዱ ናቸው፤ ቁጣ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታትና የምግብ ፍላጎት መጨመር ይኖራል፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ሲጋራ የሚያምርዎት ስሜት በአብዛኛው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል፤ በዚያ ጊዜ ውሃ ይጠጡ፣ ይራመዱ፣ ውዱእ አድርገው ሁለት ረከዓ ይስገዱ። ሐኪምዎን የኒኮቲን ማስቲካ ወይም በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ማግኘት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁት፤ እነዚህ በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያሉ ናቸው። ቢወድቁ አያፍሩ፤ ከተዉት ሰዎች አብዛኞቹ የተሳካላቸው በመጀመሪያው ሙከራ አልነበረም።

ስለ ባሰብዎት ሳል፦ ሲጋራ ሲቆም በአየር ቧንቧ ላይ ያሉት፣ በጭሱ ደንዝዘው የነበሩት ጥቃቅን ፀጉር መሳይ ጠራጊዎች እንደገና መሥራት ስለሚጀምሩ ለጥቂት ሳምንታት አክታና ሳል ሊበዛ ይችላል። ይህ ወደ ሲጋራ ለመመለስ ምክንያት አይሆንም። ነገር ግን በእርስዎ ዕድሜና በእርስዎ ያህል ዘመን ላጨሰ ሰው «ስለተውኩ ነው» የሚለውን ማብራሪያ ያለ ምርመራ መቀበል አልፈልግም። ማቆሚያ ቀንዎን ከመድረስዎ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደው አክታዎን ይስጡ፤ አንድ ራጅም ይነሡና ፊልሙን ቤት ያስቀምጡት። ካቆሙ በኋላ ሳሉ ከአንድ ወር ካለፈ ወይም በመካከሉ ደም ካዩ ያንን ፊልም ይዘው ይመለሱ፤ ሐኪሙ የትናንቱን ከዛሬው ጋር አስተያይቶ ሲቲ ስካን ያስፈልግ እንደሆነ ይነግርዎታል።